«ተው» የሚባለው ውሻዬ

አንባቢዬ ሆይ! ውሻ አለህ? ከሌለህ ይህን ገጽ ገልጠህ አትለፍ፤ አንድ ቀን አንድ ወዳጅህ ቡችላ በካርቶን ይዞልህ ይመጣና «ለብቸኝነትህ ጓደኛ ይሁንህ» ሊልህ ይችላል። ካለህ ግን፥ አሁን ይህን ስታነብ በጕልበትህ ላይ አንድ መዳፍ፥ ከክንድህ ሥር አንድ ርጥብ አፍንጫ ሳይኖር አይቀርምና የምናወራበትን ጉዳይ አስቀድመህ ዐውቀኸዋል።

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ዓምድ ስለ ቤት ኪራይና ስለ አከራዮች ጠባይ ጥቂት ተጫውተን ነበር። ዛሬም ከዚያው ከተከራየሁት ቤት አልወጣሁም፤ የማወጋህ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አብሮኝ ስለ ኖረውና ከቤቱ ሊያስወጣኝ ጥቂት ስለ ቀረው ስለ ውሻዬ ነው።

ውሻው ወደ እኔ የመጣው እንዲህ ነው። በመሥሪያ ቤታችን ከእኔ ጋራ በአንድ ጠረጴዛ ይሠራ የነበረ ባልንጀራዬ ወደ ክፍለ ሀገር ተዛወረ። ዕቃውን ሁሉ ጭኖ ሲያበቃ ቦታ ያጣው አንድ የሦስት ወር ቡችላ ብቻ ነበርና ለእኔ አወረሰኝ። እኔም ደሞዜ ከወር እስከ ወር የማታደርሰኝ ጀማሪ ጸሓፊ ብሆን፥ ከሥራ ስመለስ በደስታ የሚቀበለኝ ፍጡር በማግኘቴ ደስ አለኝ። ግቢውን ይጠብቃል በሚል ተስፋም ስሙን መብረቅ አልኩት። አከራዬ እማማም «ደግ አደረግህ ልጄ፤ ሌባ በዝቷል» ብለው ፈቀዱልኝ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የመብረቅን ስም ያወጣሁት ግን እኔ ነበርኩና አልሰመረም። መብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው ሲመጣ መብረቅ ጅራቱን እየቆላ ተቀብሎ እስከ ቆጣሪው ድረስ ይመራዋል፤ ሲወጣም እስከ በር ይሸኘዋል። ሌባ ቢመጣ የተደበቀውን ሁሉ ራሱ እያሽተተ ባሳየው ነበር። ይህ ውሻ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ሰው እንዲያየው ነው።

እንዲታይ የሚያደርገውን ጥበብ ብዘረዝርልህ ገጹ አይበቃም። ጥቂቱን ብቻ ልንገርህ። መጽሐፍ ስገልጥ መጽሐፉ ላይ ይተኛል። ስልኬን ሳነሣ አገጩን በስልኩና በዓይኔ መካከል ያስገባል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ካልሲዬን ይሰርቃል፤ ሰርቆም አይሸሽም፤ እፊቴ ቆሞ መስረቁን እስካይ ድረስ ይጠብቃል። ባየሁት ጊዜ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ፥ ወገቡን ወደ ላይ ከፍ ያደርጋል። ይህ እጅ መንሣት በዓለም ያሉ ውሾች ሁሉ የሚግባቡበት ቋንቋ ነው፤ ትርጕሙም «ከዚህ በኋላ የማደርገው ሁሉ ጨዋታ ነውና እንዳትቆጣ» እንደ ማለት ነው።

እኔ ግን እቆጣ ነበር። «ተው!» እላለሁ። ካልሲውን ሲያነሣ «ተው!»፥ በሩን ሲቧጭር «ተው!»፥ የእማማን ነጠላ ሲጐትት «ተው!»። በዚህ ዓይነት ሦስት ወር ያህል ካለፈ በኋላ አንድ አስደናቂ ነገር አየሁ። «መብረቅ!» ብዬ ስጠራው ጆሮውን እንኳ አያነሣም። «ተው!» ስል ግን ካለበት እየበረረ ይመጣል። ለካ ስሙ «ተው» ነው ብሎ ተቀብሎታል! በእውነቱም ልክ ነበረ፤ ወደ እርሱ ዘወር ብዬ፥ ዓይኑን አይቼ፥ ድምፄን አንሥቼ በቀን ሃያ ጊዜ የምጠራው በዚህ ቃል ብቻ ነበርና። የጐረቤቴ ልጅም ይህን ሲያይ «ተው፥ ና! ተው፥ ና!» እያለ ይጠራው ጀመር፤ በግቢውም ስሙ በዚሁ ጸና።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ሣቅ ነበር። ሣቁ የቆመው የማታ ትምህርት በጀመርኩ ጊዜ ነው። ጧት በሁለት ሰዓት ወጥቼ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ስመለስ ውሻው ቀኑን ሙሉ ታስሮ ይውላል። ስመለስ ይዘልብኛል፤ እኔ ደክሞኛል፤ ፈተናም ደርሷል። በሩን ዘግቼ ለማጥናት ስቀመጥ በውጭ መጮኽ ይጀምራል። ዐሥር ደቂቃ እታገሣለሁ፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ እታገሣለሁ፤ በሃያኛው ደቂቃ ጐረቤት እንዳይነቃ ብዬ እወጣና «ተው!» እላለሁ። ደስ ይለዋል። ቍራሽ ዳቦ ጥዬለት እገባለሁ። በማግሥቱ ሃያ አምስት ደቂቃ ይጮኻል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጐረቤቴ የስድስት ዓመት ልጅ ዳቦ ይዞ በግቢው ሲሄድ ውሻው እንደ ልማዱ ለጨዋታ ዘለለበት፤ ጥርሱም የልጁን እጅ ጫረው። ደም ወጣ። እናትየው እየጮኸች ወጣች፤ እማማም ወጡ፤ እኔም ወጣሁ። እናትየው የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ወንድሜ፥ ተከትቧል?»

አልተከተበም ነበር። ዛሬ ነገ እያልኩ፥ ደሞዝ ሲወጣ እያልኩ አንድ ዓመት አሳልፌ ነበር። እናትየው አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አንባቢዬ ሆይ! ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በደንብ ያዘው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ በኋላ መዳን የለም ለማለት ያህል ነው፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ነገር ግን በጊዜ ከተደረሰ ፈጽሞ መከላከል ይቻላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በእብድ ውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከትቦ ያዳነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1885 ዓ.ም. ነበር። እንግዲህ ውሻ የነከሰው ወይም በጥርሱ የጫረው ሰው ቢያጋጥምህ፥ ቍስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ እጠበው፤ ከዚያም ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሐኪም ቤት ውሰደው። ቍስሉ ትንሽ ነው ብለህ አትናቅ።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ልጁ መከተብ ጀመረ፤ ውሻው ደግሞ ዐሥር ቀን ታስሮ ይታይ ተባለ። የነከሰው ውሻ በነከሰበት ጊዜ በሽታውን በምራቁ የሚያስተላልፍ ከነበረ፥ በእነዚያ ዐሥር ቀኖች ውስጥ ታሞ ይታወቅበታልና። እነዚያን ዐሥር ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልነግርህም። ጧት ጧት ከመኝታዬ ተነሥቼ መጀመሪያ የማየው ውሃ መጠጣቱን ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን ውሻው ጤነኛ፥ ልጁም ጤነኛ ሆነው ተገኙ። እማማ ግን ጠሩኝና «ልጄ፥ አንተን አልጠላሁም። ወይ ውሻውን አስወጣ፤ ወይ ሌላ ቤት ፈልግ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥቼሃለሁ» አሉኝ።

የመሥሪያ ቤት ባልንጀሮቼ መፍትሔው ቀላል ነው አሉ፤ «ከከተማ ዳር ወስደህ ጣለው»። ምክሩን የሚሰጥህ ሰው በቀላሉ ይናገረዋል። በአንድ እሑድ ጧት ገመድ አሰርኩለትና ቤቶቹ አልቀው ሜዳው እስከሚጀምርበት ድረስ በእግር ሄድን። ውሻው በሕይወቱ እንዲህ ያለ ቀን አይቶ አያውቅም። በየድንጋዩ እየቆመ ያሸታል፤ በየመቶ እርምጃው ዘወር ብሎ ያየኛል። ሜዳው ላይ ገመዱን ፈታሁለት። ሮጠ፤ ዞረ፤ ተመለሰ፤ አንድ እንጨት አምጥቶ እግሬ ሥር ጣለና እጅ ነሣኝ።

በመንገዱ ዳር ባለቤት የሌላቸው አራት አምስት ውሾች ተኝተው ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ በአንገቱ ላይ የተበጠሰ ቀበቶ ነበረው። ያም አንድ ጊዜ የሰው ውሻ ነበረ ማለት ነው። እንዲህ ያሉት ውሾች ወይ መኪና ይገጫቸዋል፥ ወይ መርዝ ይበላሉ፥ ወይ ይታመሙና የሌላ ሰው ልጅ ይነክሳሉ። እንጨቱን አንሥቼ ወረወርኩለት። ሁለት ሰዓት ያህል ስወረውር ቆየሁ፤ ከዚያም ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ። በዚያ ቀን ማታ ውሻው አልጮኸም። በሩ ሥር ተጋድሞ እስኪነጋ ተኛ።

ያን ጊዜ ነው ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መጠርጠር የጀመርኩት። ፈተናዬን ትቼ ስለ ውሻ ማንበብ ጀመርኩ።

ቢ. ኤፍ. ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. እንስሳትን ስለ ማስተማር በጻፈው ጽሑፍ የገለጠው ነገር ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ። አንድ እንስሳ አንድ ነገር ባደረገ ጊዜ ወዲያውኑ የሚወደውን ካገኘ ያንኑ ይደግማል፤ ዋጋው የሚከፈለውም ለትምህርት ይሁን ለጥፋት እንስሳው አይለይም። እኔ ለመብረቅ ስከፍለው የነበረው ዋጋ «ተው!» የሚለው ቃል ነበር። ለእኔ ተግሣጽ ነው፤ ለእርሱ ግን ቀኑን ሙሉ የተጠማው ዓይኔና ድምፄ ነው።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ይህ ነው። ስኪነር ከቻርልስ ፈርስተር ጋራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚታየው፥ በመንቆሯ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ፍሬ የምታገኝ ርግብ፥ ሁልጊዜ ከምታገኘው ይልቅ ፍሬው ከተቋረጠ በኋላም ብዙ ጊዜ መንቆሯን ትቀጥላለች። አንባቢዬ፥ ያን የሃያ ደቂቃ ትዕግሥቴን አስታውስ! እኔ የታገሥኩ መስሎኝ ነበር። ያስተማርኩት ግን «በሃያኛው ደቂቃ ይከፈልሃልና ሳታቋርጥ ጩኽ» ብዬ ነው። በማግሥቱ ሃያ አምስት ደቂቃ መጮኹ ትጉህ ተማሪ ስለ ሆነ ነበር።

ታዲያ መታየትን ይህን ያህል መውደዱ ከየት መጣ? በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት በኖቮሲቢርስክ ድሚትሪ ቤልያየቭ የተባለ ሳይንቲስት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. የጀመረው ሥራ ለዚህ መልስ ይጠቁማል። ከቀበሮዎች መካከል ሰውን የማይፈሩትን ብቻ እየመረጠ ያዋልድ ነበር። በስድስተኛው ትውልድ፥ የሰውን ዓይን ለመሳብ የሚያላዝኑ፥ እንደ ውሻ የሚያሸቱና የሚልሱ ቀበሮዎች ተገኙ። እንግዲህ የሰው ወዳጅ የሆነ አውሬ ሲወለድ «እየኝ!» የሚለውን ጩኸት አብሮ ይዞ ተወለደ። ደግሞም በእንግሊዝ አገር የፖርትስማውዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ሃያ አራት ውሾች በካሜራ እየተቀረጹ ሲጠኑ፥ ሰው ሲመለከታቸው ፊታቸውን አብዝተው እንደሚያንቀሳቅሱ ታውቋል፤ ምግብ ማሳየቱ ግን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ውሻዬ በጕልበቴ ላይ መዳፉን ሲያኖር ባለጌ ስለ ሆነ አይደለም፤ ውሻ ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ በኋላ እማማን ሄጄ አንድ ወር ለመንኳቸው። «አንድ ወር ብቻ እማማ፤ ካልታረመ እኔም እርሱም እንወጣለን» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱ። ውሻውንም በዚያው ቀን አስከተብኩት። ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን በተራ ልንገርህ፤ ምናልባት ይጠቅምህ ይሆናል።

አንደኛ፥ የሚፈልገውን ሳይጠይቀኝ እሰጠው ጀመር። ከጧቱ በ12 ሰዓት ተነሥቼ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር አንሸራሽረዋለሁ። ገመዱን አላጣድፍም፤ ያሽትት፤ ለእርሱ ማሽተት ለእኔ ጋዜጣ እንደ ማንበብ ነው። ማታ ስመለስም፥ ደብተር ከመግለጤ በፊት፥ ሃያ ደቂቃ የእርሱ ናት። በዚያች ሃያ ደቂቃ ስልኬን አልነካም።

ሁለተኛ፥ ለጩኸትና ለመዝለል የምከፍለውን ዋጋ ፈጽሜ አቆምኩ። ሲዘልብኝ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ፤ አልናገርም፤ አልገፋውም፤ አላየውም። አራቱም እግሮቹ መሬት የነኩ ጊዜ ወዲያው ዘወር ብዬ «ጐበዝ!» እለዋለሁ።

ሦስተኛ፥ ዝም ብሎ የተኛ ውሻን ማየት ጀመርኩ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል። ውሻ ሲጮኽ ሁላችንም እናየዋለን፤ ጸጥ ብሎ ሲተኛ ግን «ተመስገን» ብለን እንረሳዋለን። አሁን ግን ሳጠና እግሬ ሥር ጸጥ ብሎ ካየሁት በቀስታ ጐንበስ ብዬ አንድ ፍርፋሪ ከመዳፉ አጠገብ አኖራለሁ።

አራተኛ፥ ቀን ቀን የሚሠራበት ነገር ሰጠሁት። ምግቡን በሳሕን አቅርቤ እንደ መሄድ ፈንታ በግቢው ጥግ በሣሩ መካከል እበትነዋለሁ፤ በአፍንጫው ፈልጎ ሲለቅም ብዙ ጊዜ ያልፍለታል፤ ይደክመዋልም። በመታሰር ፈንታም እማማ በጓሮ በኩል አጥር ከልሎ እንዲውል ፈቀዱለት።

አምስተኛ፥ የግቢውን ሰው ሁሉ አስማማሁ። አንዱ የሚከለክለውን ሌላው የሚሰጥ ከሆነ የርግቢቱ ነገር ይመለሳል። የጐረቤቴም ልጅ እናቱ ፈቅዳለት፥ እኔ አጠገቡ ቆሜ፥ «ተቀመጥ» ማለትን ተማረ። ያስቸገሩኝ እማማ ነበሩ። ውሻውን ይባረር ያሉት እማማ፥ በመስኮት እያላዘነ ሲያያቸው እንጀራ በድብቅ ሲጥሉለት ያዝኳቸው። «አንጀቴን በላው፤ ምን ላድርግ?» አሉኝ።

አሁን እውነቱን ሳልደብቅ ልንገርህ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ከቀድሞው የባሰ ነበር። ሁልጊዜ ይከፈለው የነበረ ሰው ደሞዙ ድንገት ሲቀር መጀመሪያ ዝም አይልም፤ ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት እየዞረ ይጮኻል። ውሻውም እንዲሁ አደረገ። አንድ ሌሊት አርባ ደቂቃ ጮኸ። እኔም ወደ በሩ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቈርጠው በዚህ ቀን ነው፤ በዚህ ቀን በሩን የከፈተ ሰውም የአርባ ደቂቃ ጩኸት አስተምሮ ይገባል። ለጐረቤቶቼ አስቀድሜ ስለ ነገርኳቸው ታገሡኝ። በሁለተኛው ሳምንት ጩኸቱ አጠረ፤ በአራተኛው ሳምንት ማታ ማታ ከእግሬ ሥር ተኝቶ ሳጠና ያድር ጀመር። እማማም ቀነ ቀጠሮውን ዳግመኛ አላነሡትም።

ይሁን እንጂ መብረቅ መልአክ ሆነ አልልህም። ካልሲ ዛሬም ይሰርቃል። የሚሰርቀው ግን የማታዋ ሃያ ደቂቃ በዘገየች ቀን ነው፤ ስለዚህ ካልሲዬ ሲጠፋ ወደ ሰዓቴ እመለከታለሁ። ስሙንም ለመመለስ ሞክሬ አቃተኝ፤ ዛሬም «ተው» ነው። ስለዚህ ሌላውን ሰው «ተው» ለማለት ስፈልግ «እባክህ ይቅርብህ» እላለሁ፤ በዚህም ጠባዬ እንደ ታረመ በመሥሪያ ቤት ይነገርልኛል።

ተማሪ የሆንከው ወንድሜ፥ ወይም አዲስ ተቀጣሪ የሆንሽው እኅቴ፥ አንድ ሰው ቡችላ በካርቶን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የቡችላውን ዓይን አትመልከቱ፤ መጀመሪያ የራሳችሁን ቀን መርምሩ። ውሻ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ጧት ግማሽ ሰዓት፥ ማታ ሃያ ደቂቃ፥ በየጊዜው የክትባት ገንዘብ ካላችሁ ተቀበሉት። ከሌላችሁ «ወንድሜ፥ እግዜር ይስጥልኝ፤ አቅሜ አይደለም» ማለት ነውር የለበትም። ነውሩ ተቀብሎ ከከተማ ዳር መጣል ነው።

ልሰናበትህ ስል አንድ ነገር ቀረኝ። እናቴ በክፍለ ሀገር ናት። ሦስት ጊዜ ስትደውልልኝ አንዱን እመልስ ነበር፤ የቀረውን «ሥራ ላይ ነኝ» እያልኩ አሳልፈው ነበር። ወገቤን አመመኝ ስትለኝ ግን ደንግጬ ብዙ አወራታለሁ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህም ሕመሟ በዛ። አንድ ማታ ውሻው እግሬ ሥር ጸጥ ብሎ ተኝቶ ሳለ ይህን አሰብኩና አፈርኩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከምሽቱ በ12 ሰዓት፥ እርስዋ ሳትደውል፥ እኔ እደውላለሁ።

በመጀመሪያው እሑድ ስልኩን አንሥታ «ምን ሆንክብኝ ልጄ?» ብላ ደነገጠች። «ምንም አልሆንኩ፤ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና ስለ ጤፉ፥ ስለ ዝናቡ፥ ስለ ጐረቤት ሰርግ አጫወተችኝ። ስለ ወገቧ ግን በዚያ ቀን ምንም አላነሣችም።

ለዛሬው በዚህ ይብቃን። ሰዓቱ ደርሷል፤ አንድ ካልሲም ጠፍቶብኛል። የሳምንት ሰው ይበለን።